ለመርዳሳ አባት የጻፍኩት ማመልከቻ

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ጠዋት እንደ ልማዳችን ከመርዳሳ ጋር በልጁ በዱሬቲ የአትክልት መደብ ፊት ለፊት ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከመቂ የመጣው ቲማቲም ይራገፋል። መርዳሳ ከጭነት መኪና ሹፌርነት ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት እንዳለፈው ረስቶ፣ አራጋፊዎቹን "ቀስ በሉ፣ የታችኛው ይፈርጣል" እያለ ሲያዝ ዘርፉ መጣች። ዘርፉ በትምህርት ቤት ከእኔ አንድ ክፍል ዝቅ ብላ የተማረች፣ በኋላም ነርስ ሆና የአዳማን ግማሽ ሕዝብ በመርፌ የወጋች ሴት ናት። ዛሬም ድረስ ስታልፍ ሰው ክንዱን ይሸፍናል።

ይዛ የመጣችው ሐሳብ፦ የድሮ ተማሪዎች ተሰብስበን የፊታችንን ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ያንን በልጅነታችን የዘውድ በዓል ስንለው የነበረውን ቀን፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንደ ጥንቱ እናክብረው። ሰልፉም፣ መዝሙሩም፣ ዳቦና ብርቱካኑም ሳይቀር።

"ንጉሥ ለማንገሥ አይደለም" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ልጅነታችንን ለማየት ነው። የዕለቱን ንግግር አንተ ትጽፋለህ፣ መምህር።"

አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ይህን ተጠይቆ እምቢ ማለት ይቻለዋልን? አልተቻለኝም። ደስታዬን ለመደበቅ ብዬ የማልገዛውን ቲማቲም እየመረጥኩ ቆየሁ።

መርዳሳ ግን "እኔ አልመጣም" አለ።

"ለምን?" አለችው።

"አባቴን ጠይቂው።"

አባቱ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

ባጃጁን ከመደቡ አጠገብ የሚያቆመው ቀነዓ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ፋዘር፣ ብርቱካኑ ለኛም ይደርሳል?" ሲል ጠየቀኝ። ዘርፉ "አንተ ንጉሡን የት ታውቃቸዋለህ?" ብትለው፣ "ብርቱካን ግን አውቃለሁ" አላት።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ንግግሩ ስድስተኛ ገጽ ላይ ደርሷል። ገና መግቢያው አላለቀም። ዘርፉ ስልክ ደውላ "ሁለት ገጽ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳትጨምር" አለችኝ። መግቢያው ብቻ ስድስት ገጽ መሆኑን አልነገርኳትም።

ወሬው ከተማውን አዳርሷል። ጢሜን ልስተካከል ኡበይደላ ዘንድ ብሄድ፣ ምላጩን አገጬ ላይ እንዳደረገ፣ "አባቴ በዚያ በዓል ስኳር ይሰጠው ነበር፤ አጎቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ታሰረ። የትኛውን ላክብር?" አለኝ።

"ሁለቱንም" አልኩት።

"እሺ፣ ግማሽ ፊትዎን ላጭቼ ልተወዎት?"

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። በወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ አንድ አዛውንት ግን ሳይስቁ፣ ትናንት ሌሊት ያ የድሮ መዝሙር በአፋቸው መጥቶ ዕንባ እንደተናነቃቸው፣ ከዚያም "እኔ ምን አገኘሁና ነው የማለቅሰው?" ብለው በገዛ ዕንባቸው እንደተናደዱ ተናገሩ። አጠገባቸው የነበረ ወጣት አስተማሪ፣ "ያገኘ ያክብር" አለ። አዛውንቱም "አንተ ደግሞ ያላየኸውን አትቆጣ" አሉት። እኔ? እኔ መሃል ሆኜ ግማሽ ጢሜን ይዤ እሰማለሁ። ሁሉም እውነት የተናገረ መሰለኝ... ይህንንም በንግግሩ ውስጥ ማስገባት እንዳለብኝ አሰብኩ፤ ከየትኛው ገጽ ላይ እንደማስገባው ግን አላወቅሁም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

መርዳሳ ሐሳቡን ቀየረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጠዋት በላስቲክ የተሸፈነ አሮጌ ወረቀት ይዞ መጣና፣ "እመጣለሁ። ይህን ግን እዚያ ቆሜ አነባለሁ" አለኝ። ወረቀቱ በ1957 ዓ.ም. ለአባቱ ለኦቦ ጋዲሳ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ መልስ ነው። ታሪኩን በጥቂቱ አውቀዋለሁ፤ በሙሉ ሲናገረው ግን ዛሬ ሰማሁ። አንድ ባለርስት የኦቦ ጋዲሳ ከብቶች ወደ አዋሽ ለውሃ የሚወርዱበትን መንገድ አጠረባቸው። በዘውዱ በዓል ሰሞን ጃንሆይ በናዝሬት ያልፋሉ ሲባል ማመልከቻ አጻፉ፤ እንደ ጊዜው ወግ ከመንገድ ዳር ሆነው "አቤት" አሉ፤ አንድ አጃቢም ወረቀቱን ተቀበላቸው። ከሦስት ወር በኋላ የመጣው መልስ ይህ ነበር፦

"ስለ ዘውዱ በዓል ያቀረብከው የደስታ መግለጫ ደርሶ ከሌሎቹ ጋር መመዝገቡን እናስታውቃለን።"

"አየህ?" አለ መርዳሳ። "አባቴ መንገድ ለመናቸው። እነሱ አመሰገኑት። ከብቶቹን ሸጦ ናዝሬት ገብቶ ጋሪ ነጂ ሆነ። ዘርፉ ብርቱካን ስታድል እኔ ይህን ላድላችሁ።"

ራሴን አመመኝ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ያንን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ ፊደል የቆጠርን ልጆች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለገበሬዎች ማመልከቻ እንጽፍ ነበር፤ እኔም በእጅ ጽሑፌና በቃላት ክምችቴ የተመሰገንኩ ስለ ነበርኩ፣ ኦቦ ጋዲሳ አንድ ቅል ወተትና አንድ ሉክ ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ። "መንገዴን ዘጉብኝ፣ ይክፈቱልኝ በልልኝ" አሉኝ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኔ ግን ወረቀቱ ለንጉሠ ነገሥት የሚቀርብ መሆኑን ባሰብኩ ጊዜ፣ የቤተ ክህነቱንም የቤተ መንግሥቱንም ቃል አንድ ሳላስቀር ጠርቼ፣ ፀሐይን ከጨረቃ፣ ሊባኖስን ከጽዮን እያስተካከልኩ፣ አንዱ ውዳሴ ሌላውን እየወለደ፣ ዓረፍተ ነገሩም አራት ነጥብ አልገኝ ብሎት ሲፈስ፣ አርባ ሁለተኛው መስመር ላይ ደረስኩና ወረቀቱ አለቀ። ፊቱም ጀርባውም። ሌላ ወረቀት አልነበረም፤ የንጉሡ መኪና የሚያልፈው በማግስቱ ጠዋት ነው።

አነበብኩላቸው። አማርኛ ጥቂት ብቻ ነበር የሚሰሙት፤ ቢሆንም ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ከዚያ "ስለ መንገዱስ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አለበት" አልኳቸው።

የመርዳሳ አባት መሆናቸውን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ቤታቸው ስገባ ነው። እሳቸው አላወቁኝም፤ ድምፄ ጎርንኖ፣ ቁመቴ ረዝሞ ነበር። ወዳጅነታችን በጸጸት ጀመረ እንጂ በጸጸት አልቀረም... ወይስ ለራሴ እንዲህ እያልኩ ኖርኩ?

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬም አልነገርኩትም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

የሰልፍ ልምምድ። ሃያ ሦስት ሽማግሌና አሮጊት፣ ከመካከላችን አራቱ በምርኩዝ። ዘርፉ ፊሽካዋን ትነፋለች። "ግራ" ስትል ወደ ቀኝ የዞረው ሰው ቁጥር ስለ በዛ በመጨረሻ ቀኙን ግራ አድርገን ተስማማን። የትምህርት ቤቱ ጠባቂ "እማማ፣ አምቡላንስ ልጥራ?" ብሎ ሲያሾፍ፣ ዘርፉ "አንተን በሁለት ወርህ የወጋሁህ እኔ ነኝ፣ አሁንም መርፌው አለኝ" አለችው። ከዓመት ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ንግግሬን አውጥቼ አነበብኩት። አሥራ አንድ ገጽ። ያማረ ነው፤ አልዋሽም። ኡበይደላ፣ የወንጂው ሰውዬ፣ ወጣቱ አስተማሪ የተናገሩትን ፈለግሁ። አንዳቸውም የሉበትም። ቦታ አላገኘሁላቸውም ነበር... በሰባ አራት ዓመቴ ያንኑ ማመልከቻ ደግሜ ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ነገርኩት።

ቀትር ላይ ነበር፤ ገበያው ጋብ ብሏል፤ ዱሬቲም ምሳ ልታመጣ ሄዳለች።

"መርዳሳ፣ የአባትህን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሳቀ። "አንተ ያኔ ቁምጣ ለባሽ ነበርክ።"

"ቁምጣ ለባሹ ነው የጻፈው።"

ሁሉንም አወራሁለት። ወተቱን፣ ሉኩን፣ ፀሐይና ጨረቃውን።

"ስንት መስመር ነበር?" አለ በመጨረሻ።

"አርባ ሁለት።"

"ከዚያ ውስጥ ስለ መንገዱ?"

"አልደረስኩበትም።"

"ሲጠይቅህ ምን አልከው?"

"አለበት አልኳቸው።"

የቲማቲም ሣጥኑን ጠርዝ በጥፍሩ ሲፍቅ ቆየ። "ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተቆጣሁት በሩቅ ሰው ላይ ነበር" አለ። "ይመቸኝ ነበር። አሁን አግዳሚ ወንበር በሚጋራኝ ሰው ላይ ልጀምር?" ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። "ብትጽፈውስ ኖሮ? ይከፍቱለት ነበር?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። ድሮ ግን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እሱን ነው የወሰድክብኝ።"

ሄደ። ዱሬቲ የሁለት ሰው ምሳ ይዛ መጣች።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አልመጣም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ዱሬቲ፦ "አባባ፣ ከአባዬ ጋር ምን ሆናችሁ? መቂ እህቱ ዘንድ ነው። ሲደውል ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ያወራል።"

"ስለ እኔስ ምንም አላለም?"

"ወንበሩን ማንም እንዳይቀመጥበት አለ። የእሱን ቦታ ይሁን የእርስዎን አልገባኝም።"

ተስፋ ነው? ሙሉ ቀን ሳሰላስለው ዋልኩ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

በዓሉ ዋለ። ጣቴ ቢደክምም ሳልተኛ ልጻፈው።

ሰልፉ አማረ፤ ቢያንስ ማንም አልወደቀም። ብርቱካን ስለ ተወደደ ዘርፉ በሙዝ ተካችው፤ አንድ ሽማግሌም "በጃንሆይ ጊዜ ሙዝ አልነበረም፣ ታሪክ ይበላሻል" ብለው ተቆጡ፤ ተቆጥተውም ሁለት በሉ። መዝሙሩ ሲጀመር ግማሹ ዘመረ፣ ግማሹ አፉን ዘጋ፣ የወንጂው ሰውዬ ደግሞ እየዘመሩ ራሳቸውን በ"አይደለም" ይነቀንቁ ነበር። ወጣቱ አስተማሪ እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆሟል። ቢሆንም መጥቷል።

ስሜ ሲጠራ አሥራ አንዱን ገጽ ወንበሬ ላይ ትቼ ወጣሁ። መርዳሳ ደብዳቤውን ከማንበቡ በፊት የማውቀውን መናገር ግዴታዬ ነበር፤ መምጣቱን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ልጅ ሳለሁ በዚህ በዓል ሰሞን ለአንድ ገበሬ ማመልከቻ እንደ ጻፍኩ፣ ንጉሡን ብቻ አመስግኜ የሰውየውን ጥያቄ እንደተውኩ፣ ሲጠይቁኝም እንደ ዋሸሁ ተናገርኩ። ረጅም ዓረፍተ ነገር አልመጣልኝም። ዘርፉ ሰዓቷን አላየችም፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

ልወርድ ስል ከኋላ "ቆይ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መርዳሳ። ላስቲኩን ይዞ በመተላለፊያው መጣና አጠገቤ ቆመ። ደብዳቤውን አነበበ። "የደስታ መግለጫ" የሚለው ላይ ሲደርስ አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በየተራ ጠፋ።

"ይህን ያመጣሁት እንድታፍሩ ነበር" አለ። "ይህ ሰው ቀድሞኝ አፈረ። እንግዲህ ንጉሡን አላነሣኋቸውም፣ አልጣልኳቸውምም። አባቴ ግን መንገድ አላገኘም። ይህንንም አብራችሁ አክብሩልኝ።"

አንዳንዱ አጨበጨበ። አንዳንዱ ለማጨብጨብ ይሁን ለመነሣት ግራ ገባው። ወጣቱ አስተማሪ እጁን ፈታ። ዘርፉ ለመርዳሳ ሙዝ ሰጠችው፤ ተቀበላት።

እኔን ግን ሳያናግረኝ ወጣ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ከእኔ ቀድሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጭኑ ላይ አንድ ሉክ ወረቀት።

"አካም ቡልቴ?" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ።

"ነጋ፣ በደህና" አልኩት፣ ተቀመጥኩ።

"ጻፍ። አባቴ የነገረህን።"

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። "'ግርማዊ ሆይ' ልበል?"

"አንድ ጊዜ።"

እሱ አባቱ ይሉት እንደነበረ በኦሮምኛ ተናገረ፤ እኔ በአማርኛ አሰፈርኩት። "ግርማዊ ሆይ፦ ከብቶቼ ወደ አዋሽ የሚወርዱበት መንገድ ተዘግቶብኛል። ይከፈትልኝ። ጋዲሳ።" እጄ "በታላቅ ትሕትና" ሊል ተነሥቶ ነበር። መርዳሳ ተመለከተኝ፤ እጄም ተመለሰ።

ወረቀቱን ወስዶ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። "ስለ መንገዱ አለበት" አለ፣ ለራሱ ያህል።

ዱሬቲ ከመደቡ ሆና "አባዬ፣ እንዲህ አጭር ነው እንዴ? ለማን ነው የምትልኩት?" ብላ ጠየቀች።

"ለማንም" አላት። "ከመልሱ ጋር አንድ ላይ ይቀመጣል።"

ከዚያ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደ። ስሙን አሳምሮ መፈረም የሚችል ሰው፣ አባቱ ፊርማ አያውቁም ነበርና፣ የአውራ ጣቱን ሆድ በቀለሙ ቀባ ቀባ አደረገና ከጋዲሳ ስም ሥር ተጫነው። ቶሎ አላነሣውም።