ለዘሃራ ያልሰጠኋት መልስ

አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ታናሽ እህቴን ዘሃራን ወደ ቤይሩት ሸኘናት። ሰው ቤት ልትሠራ ነው የሄደችው።

ባለፈው ወር፣ "አንተ የፍልስፍና አስተማሪ ነህ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ጥንቶቹ የግሪክ ተጠራጣሪዎች ክፍል ውስጥ የማስተምረውን ነገርኳት። ለማንኛውም ነገር እኩል የሚመዝን ተቃራኒ ምክንያት ይገኛል፤ ስለዚህ ጠቢብ ሰው አይፈርድም፤ ባለመፍረዱም ልቡ ያርፋል አልኳት። የመሄዱንም የመቅረቱንም ምክንያት ዘረዘርኩና ውሳኔውን ለእሷ ተውኩ። የእኔ ልብ እውነትም አርፎ ነበር።

ቦሌ አየር ማረፊያ በር ላይ ሻርፗን እያስተካከለች፣ "'ቅሪ' ብትለኝ እኮ እቀር ነበር" አለችኝ። ያን ጊዜም 'ቅሪ' ሳልላት ሻንጣዋን አቀበልኳት። ቤይሩት ምን እንደሚጠብቃት አላውቅም። እንድትቀርልኝ መፈለጌን ግን ረሃቤን የማውቀውን ያህል አውቀው ነበር፤ ሁሉን የሚጠራጠሩት እነዚያ ግሪኮች እንኳ መራባቸውን አልተጠራጠሩም።

ከሰዓት በኋላ እናታችን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "ደህና ሰዎች እጅ ትገባ ይሆን?" አለችኝ።

"አዎ እማ፣ ደህና ሰዎች ናቸው" አልኳት።

ስለ ሰዎቹ አንድም የማውቀው ነገር የለም።