ከወገብ በላይ ያለፉት እትዬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎም፣ ከወገብዎ በላይና በታች ያለው አካልዎም ሁሉ ባንድነት ጤና እንዲሰነብትልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ባንድነት ማለቴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱታል። እኔ አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖሬ በቅርቡ መቀሴን የሰቀልኩ ጡረተኛ ነኝ። የምጽፍልዎ ለሽያጭ ስላቀረብኳት አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ የቤት መኪናዬ ሲሆን፣ ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት የመሥሪያ ቤትዎን ውለታ ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው።

መኪናዋን ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ ይላታል። ዕድሜዋም ግርማዋም አንቺ የሚያሰኝ ስላልሆነ ከዚህ በኋላ በአንቱታ ብጠራቸው ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ሻጭ ዕቃውን ያሞግሳል ይባላልና ነውራቸውን ላስቀድም። ቀለማቸው የቀይ ወይን ነው፤ በግራ ጎናቸው ግን ፀሐይ በዝቶባቸው ወደ ሽንኩርት ልጣጭ ያደላሉ። ሰዓታቸው ከቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሬዲዮናቸው የሚይዘው አንድ ጣቢያ ነው፣ እሱንም ዳገት ላይ። ነዳጅ ሲጠጡ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቁም። ጠዋት በራቸውን በኃይል የዘጋባቸው ሰው ካለ ያኮርፋሉ፤ ኮፈናቸውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ይቅርታ ካልጠየቃቸውም አይነሱም። ከተነሱ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥለውን አያውቁም። የፊት መቀመጫቸው አንድ ወጥ ስለሆነ እኔ፣ ባለቤቴና አማቴ ሳንኮራረፍ ጎን ለጎን ተቀምጠንበታል፤ ይህን ደግሞ በቤታችን ውስጥ ሌላ ምንም ዕቃ አላሳካውም።

የምሸጣቸው ጠልቼ አይደለም። የዓይን ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳልጨብጥ ነግሮኛል፤ ባለቤቴም የጎረቤታችንን አረንጓዴ የብረት በር አረንጓዴ መብራት መስሎኝ ካለፍኩበት ቀን ወዲህ ከሐኪሙ ጋር አንድ ሆናለች። ገዢያቸው መካኒካቸው ናት። ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ሳል ሲይዛቸው ያስታገሰች፣ ድምፃቸውን ከሁለት ቤት ማዶ ሰምታ የትኛው ቡሎን እንደላላ የምትናገር ሴት ናት። የፊታችን ቅዳሜ እናቷ ወዳሉበት ከተማ ጠቅልላ ትሄዳለች፤ እዚያም የራሷን ጋራዥ ትከፍታለች፤ ሐሳቧም እትዬን እየነዳች መግባት ነው። እስከዚያ ምርመራ አልፈው ስማቸው ካልዞረላት የቀረው ፈላጊ ብረት በኪሎ የሚገዛ ነጋዴ ብቻ ነው። ሰውዬው ባለፈው ሳምንት መጥቶ አየት አደረጋቸውና የት የት ላይ እንደሚቆርጣቸው በጠመኔ አሰመረባቸው። ጠመኔውን በመሃረቤ የጠረግሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ማክሰኞ ዕለት እትዬን ወደ ምርመራ መድረክዎ ስናወጣቸው የኋላ ጎማቸው ውጭ ቀረ፤ መድረኩ የተሠራው ለዘመኑ አጫጭር መኪናዎች ነውና። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን አንድ ሰው ሁለት እርምጃ ተራምዶ የቀረውን ያይ ነበር። የእርስዎ መርማሪ ግን እንዲህ ያለውን ድፍረት ሳይፈጽሙ መመሪያ ገልጠው፣ ባንድ ጊዜ መድረክ ላይ ሊወጣ ያልቻለ ንብረት በክፍል በክፍል ይመረመራል የሚል አንቀጽ አገኙና የፊቱን ግማሽ መርምረው አሳለፉ። ቅጹ ላይ ስለ ኋላ መብራት ለሚጠይቀው መስመር «አይመለከተውም» ብለው መጻፋቸው ደግነታቸውን ያሳያል። እግዜር ይስጣቸው።

፪ኛ. ሐሙስ ዕለት እትዬን በማርሽ ኋላ፣ ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ መድረኩ ገፋናቸው። ያገኘናቸው ሌላ መርማሪ ሲሆኑ የያዙት ግን ያንኑ ቅጽ ነበር፤ የቅጹም የመጀመሪያ ጥያቄ ሞተርን የሚመለከት ነው። መርማሪው የዕቃ መጫኛውን ከፍተው፣ ትርፍ ጎማውን አንሥተው፣ ባትሪ አብርተው፣ በሕይወቴ አይቼው በማላውቀው ትጋት ሞተር ፈለጉ። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው «አባባ፣ የፊቱ አልፏል፤ ይሄኛው ግን ሞተር የለውም» አሉኝ። ሞተሩ ከፊት መሆኑን በትሕትና ባስረዳቸው፣ የፊቱ ግማሽ መዝገብ ማክሰኞ እንደተዘጋ እሳቸውም በትሕትና አስረዱኝ። ክቡር ሆይ፣ በአርባ ዓመት ሥራዬ አንድም ደንበኛ፣ ኮትህ ከወገብ በላይ አምሯል፣ ከወገብ በታች ግን አንገትጌ ስለሌለው ውድቅ ነው ብዬ መልሼ አላውቅም። ለካስ ይቻል ኖሯል፤ ስንት ያልተሳካ ሥራ በከንቱ ደግሜ ሰፋሁ።

፫ኛ. መዝገብ ቤትዎ ለእትዬ ሁለት ፋይል ከፍቶ አንዱን በምድር ቤት፣ ሌላውን በሁለተኛ ፎቅ አስቀምጦልኛል፤ ጉልበቴ ሥራ እንዳይፈታ የታሰበ መሆኑ ስለገባኝ አመሰግናለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም የኋላው ግማሽ ሞተር የማስገጠም ፈቃድ እንዲጠይቅ መከረችኝ። ይህን ለመካኒኳ ስነግራት ጎማ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች፤ ቀጥላ ቅዳሜ ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቀችኝ። ያ ጥያቄዋ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

፬ኛ. ስለ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር የምለው የለም። ምስማሮቹን በየተራ ተዋውቄያቸዋለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ ረጅም ነገር አይደለም። እትዬ ከፊት መብራታቸው እስከ ኋላ ፓራውልታቸው አንድ መኪና ናቸው የሚል፣ በእርስዎ የተፈረመ አንዲት ገጽ ወረቀት እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ቢሰጠኝ፣ መካኒኳ ቅዳሜ ጠዋት ደስ ብሏት መንገድ ትጀምራለች፤ ባለጠመኔውም ሌላ ብረት ይፈልጋል።

ለመመሪያዎ፣ ለመድረክዎ፣ ለሁለቱም መርማሪዎችዎና ለሁለቱም ፎቆችዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አክብሮት ጋር፣

ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ባንድ መዝገብ ብቻ የምገኘው ታዛዥዎ፣
ጡረተኛው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽግ ባለቤቴ አንብባው «ታዲያ ያለፈውን ግማሽ ሽጥላት፤ የወደቀው ያንተው ይሁን» አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ምድር ቤት ወርደን የፊተኛውን ግማሽ ስም እንዲያዞሩልን ብንጠይቅ፣ ሠራተኞችዎ ዓይናቸውን ሳያሹ በሩብ ሰዓት ውስጥ ለመካኒኳ አዲስ ሊብሬ ሰጧት። ሞተር የሌለው የኋላ ግማሽ በመመሪያዎ መሠረት ተጎታች እንደሆነ፣ ተጎታች ደግሞ ሞተር እንደማያስፈልገው ያው የሐሙሱ መርማሪ ራሳቸው በጽሑፍ አረጋገጡልን። እንግዲህ ቅዳሜ መካኒኳ በራሷ ግማሽ ተቀምጣ ትነዳለች፤ ንብረቴ ያለ እኔ ሩቅ አገር አይሄድምና እኔና ባለቤቴም በራሳችን ግማሽ፣ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንከተላታለን። ወደፊትም ምርመራ በደረሰ ቁጥር፣ ጋራዡ ባለበት ከተማ ሄጄ የድርሻዬን ማቅረብ ሊኖርብኝ ነው። ባለቤቴ ሻንጣ ማሰናዳት ጀምራለች፤ መካኒኳም ቢያንስ አንድ ወር እንድንቀመጥ ለምናናለች፤ እኔም ከእትዬ መለየቴ ቀርቶልኝ ዛሬ ሌሊቱን በሰላም ተኝቼ አድራለሁ። በመሆኑም ክቡር ሆይ፣ ከላይ እስከ ዓርብ ይፈረምልኝ ብዬ የለመንኩትን ወረቀት በተመለከተ፣ መሥሪያ ቤትዎ በለመደው ፍጥነት እንዲሠራበት እለምናለሁ፤ እባክዎ በእኔ ምክንያት አይቸኩሉ።