በረንዳው ላይ ከጀርባህ የነበረው

ሎጋዬ፣ ውዱ ባለቤቴ በየነ፤

ሁለተኛው የፊቼ በዓልም ያለአንተ አለፈ። በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ አልወረድኩም። ልጃችን ምሕረት «እማዬ፣ ነይ ትንሽ ሰው እዪ» ብላ ለምናኝ ነበር። እዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ከሰው በላይ ብቅ የሚል አንድ ራስ መፈለጌ አይቀርም ብዬ ቀረሁ። ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅ? ስለ እኔ ከሆነ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ግን ደህና አይደለሁም።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሚኒባስህን ሸጥናት፤ አሁንም በቱላ መስመር ትሠራለች። አንድ ቀን ሳላስተውል ተሳፈርኩባት። አዲሱ ሾፌር አጭር ነው፣ ወንበሩን ወደ ፊት ስቦታል። እሱን ሳይ ሆድ ባሰኝና ቤቴ ሳልደርስ ወረድኩ። አንተ መስኮቱ ጋ ስትቆም ቤቱ ይጨልም ነበር፤ «ፈቀቅ በል፣ ጋረድከኝ» ማለት ልማዴ ነበር። አሁን ብርሃኑ እንደ ልቡ ይገባል፤ ምን ያደርግልኛል?

የምጽፍልህ ስለ ሆቴሉ ነው። ከተማችን ትንሽ ሳለች ሐይቁ ዳር የተሠራው፣ ጣሪያው ወድቆ ወፍ ሲሰፍርበት እያየህ ባለፍክ ቁጥር የምትነጫነጭበት። «እዚያ በረንዳ ላይ የሠርግ ፎቶ ያልተነሣ የሀዋሳ ሰው ማን አለ? እንዴት ዝም ብለን እናየዋለን?» ትል ነበር። የሰፈሩ ሰው አረሙን ሊያጸዳ ሲወጣ ገጀራ ይዘህ የቀደምከው አንተ ነህ። ብዙ ሳትሠራ ሕመሙ ጣለህ። እነሱ ግን አልተዉትም፣ በየነ። እድርተኛው፣ መዘምራኑ፣ ተማሪው ተባብረው ጣሪያውን መለሱት፣ ግድግዳውን ለሰኑት።

ያስቸገራቸው የበረንዳው መደገፊያ ነበር። ከእንጨት ሳንቃ የተሠራ፣ በእያንዳንዱ ሳንቃ ላይ የተለያየ ነገር የተፈለፈለበት ነበር። ሆቴሉ ከተዘጋ በኋላ ለማገዶ እየተነቀለ አልቋል። ፕላን የሚባል የለም፤ የሠራው አናጢም ከሞተ ቆይቷል። ሥራውን የምታስተባብረው ሰላም የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፣ ከሰሜን የመጣች ልጅ እግር። እሷ ናት «የሠርግ ፎቶ ያለው ሁሉ ያምጣ» ያለችው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየእድሩ ተነገረ።

እድሩ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ብታይ! አንዱ የወንድሙን፣ ሌላዋ የእናቷን ሠርግ ይዛ መጣች። እኛ ሙሽሮቹን እያየን «ይሄም ሞተ፣ እሷም ሞተች» እያልን ስናለቅስ፣ ሰላም የምታየው ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለውን ነው። ከአንዱ ሠርግ ዓሣ አገኘች፣ ከሌላው ጉማሬ፣ ከሌላው የእንሰት ቅጠል። እንዲህ እያለ መደገፊያው ተሟላ፤ ወደ ሐይቁ በሚያየው ጥግ ካለው አንድ ሳንቃ በቀር። ሰው ሁሉ የተነሣው ደረጃው መሐል ቆሞ ነው። እዚያ ጥግ የቆምነው እኛ ብቻ ነን።

ፎቶ አንሺው «መሐል ቁሙልኝ» እያለ ሲለምንህ፣ «ሐይቁ ካልገባ አልነሣም» ብለህ ድርቅ አልክ። ሚዜዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ጫማዬ ጠቦኝ በሆዴ እረግምሃለሁ። ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ ወሰድኩላት። ሐይቁ አለ። እኔ አለሁ። አንተ እጅጌው ባጠረ የተውሶ ሙሉ ልብስ ሳንቃው ላይ ልጥፍ ብለህ፣ ከዳር እስከ ዳር ሸፍነኸዋል። ሰላም በማጉያ መስተዋት ብታይ፣ ብታይ፣ ምንም የለም። «ምን ነበር እኚህ ሰውዬ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ!» አለች። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቼ እንባዬን ለቀቅኩት። ዕድሜ ልኬን ፈቀቅ በል ስልህ ኖሬ፣ ያን ጊዜ ጣት ታህል እንኳ እንዳትነቃነቅብኝ ፈለግሁ።

በማግስቱ ሰላም አዲሱን አናጢ ይዛ ቤት ድረስ መጣች። «እማማ አስቴር፣ ያን ሳንቃ አይቻለሁ የሚል ሰው አላገኘንም። የቀሩን እርስዎ ብቻ ነዎት። ያሉንን እንፈለፍላለን» አለችኝ። ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ ታገልኩ። የጫማው ጥበት ይመጣል፣ የመዳፍህ ላብ ይመጣል፣ ሳንቃው አይመጣም። ምሕረት ደግሞ «ሐይቁ ዳር የሚቆመው ወፍ፣ አባ ኮዳ ነበር በያቸው። ረጅም እግሩ አባዬን ይመስላል። ማን ያውቃል?» አለችኝ። ሳቅንና ተስማማሁ። አልደብቅህም፣ ደስም አለኝ፤ አንተን የሚመስል ነገር በረንዳው ላይ ሊቆምልኝ ነው።

ሰንብቶ ጉድ መጣ። አባ ኮዳውን በእውነት ማየት ጀመርኩ! ከጀርባህ ብቅ ያለው መንቁሩ፣ የተንጠለጠለው ከረጢቱ፣ ሁሉም ወለል ብሎ ታየኝ። ያኔ ደነገጥኩ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ስለ አንተ የማስታውሰውስ? ከበር ስትገባ «አስቱ» ብለህ የምትጠራኝ ድምፅ የእውነት ያንተ ነው ወይስ እኔ የሠራሁት? በየነ፣ ድምፅህ እየራቀኝ ነው። ይህን ለምሕረት እንኳ አልነገርኳትም። ፊትህን ፎቶው ይዞልኛል፤ ድምፅህን ግን ከእኔ በቀር የሚይዝልኝ የለም፣ እኔም መያዝ እያቃተኝ ነው።

ሄጄ ለሰላም እቅጩን ነገርኳት። አላየሁትም፣ እሱ ቆሞበት ነበር አልኳት። አናጢው «ባዶውን ይቅር? ሰው ያላለቀ ሥራ ይመስለዋል» ብሎ ተከራከረኝ። ይምሰለው አልኩት። ሰላም እጄን ያዘችና፣ ሳንቃው ልሙጡን እንዲገባ አዘዘች።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በረንዳው ተከፈተ። ሰው ሁሉ የየራሱን ሳንቃ እየፈለገ፣ «ይሄ ከእናቴ ሠርግ የተገኘው ነው» እያለ ለልጆቹ ያሳያል። አንድ ሽማግሌ ጉማሬውን እየዳበሰ ይስቃል። እኔ ጥጉ ጋ ሄድኩ። ቫርኒሹ ገና ይሸታል። ጀርባዬን ልሙጡ ሳንቃ ላይ አድርጌ እንዳንተ ልጥፍ አልኩ፤ እኔ ግን አልሸፍነውም፣ በሁለቱም ወገን ይተርፋል። ወርድህን ያን ቀን በደንብ አወቅሁት። ምሕረት መጥታ እስክትወስደኝ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።

ሰው ለሟቹ «አልረሳህም» ይላል። እኔ እንደዚያ ብዬ ላታልልህ አልችልም፤ ከአሁኑ እየረሳሁ ነው። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። የቀረኝን፣ የመዳፍህን ላብ፣ ድርቅናህን፣ ያጠረውን እጅጌህን፣ እስክሞት አልለቅም። ድምፅህ ጨርሶ የጠፋብኝ ቀን ደግሞ ጠፋብኝ ብዬ አለቅስልሃለሁ። በቦታው ሌላ ድምፅ አላስገባም፣ በየነ፤ ባዶውን እንዳለ እጠብቅልሃለሁ።

አስቴርህ