ሞልቶ ያልፈሰሰው ብርጭቆ፦ የጋሽ ቅርፊት የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ቅርፊት በሕይወት ዘመናቸው አንድም ቀን በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ በልተው እንደማያውቁ ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለወዳጅ ሁሉ በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን።

ጋሽ ቅርፊት ከእንጨት መሰንጠቂያ ዘበኛው አባታቸውና ከጥልፍ ሠሪዋ እናታቸው ሰኔ 4 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ክፍል ከመሰንጠቂያው ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ ሕፃን ሳሉ ለቅሷቸው የሚሰማው መጋዙ በሚያርፍበት በእሑድ ብቻ ነበር ይባላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። የተቀመጡበት ዴስክ ቢሰበር ራሳቸው ጠገኑት። ይህን ያዩት ርእሰ መምህር የሌላውንም ክፍል እንዲጠግኑ ከትምህርት ላይ እያስነሱ ይወስዷቸው ጀመር። በዓመቱ መጨረሻ ዴስኮቹ በሙሉ ሲያልፉ እሳቸው ወደቁ።

ከዚያም በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ተቀጥረው ዘጠኝ ዓመት ፎርማይካ ሲለጥፉ ኖሩ። በ1972 ዓ.ም. የራሳቸውን ወርክሾፕ ከከፈቱ ወዲህ ግን ፎርማይካ በእጃቸው አልነኩም። ሰው ዛፍ ቆርጦ ቤት ይሠራል፤ እሳቸው ዛፉን መልሰው ቤት አስገቡት። ለጥርስ ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ካፖርት የሚሰቀልበት ባለ አሥራ አንድ ቅርንጫፍ ደረቅ ጥድ አቆሙ። ለጠበቃው ጠርዙ ቅርፊቱን እንደለበሰ የቀረ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠሩ። የዛፍ ሥር ገልብጠው መብራት አንጠልጥለውበታል። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ቅርፊት አልልጥም ብለው ነው። አንዲት ደንበኛ የደረጃዋን መደገፊያ አይታ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እንጨት ጠማማ ነው እኮ" ብትላቸው፣ "ድንጋይ አግኝቶ ዞረ እንጂ አልጠመመም። አንቺም ብትሆኚ ትዞሪ ነበር" አሏት።

በሥራቸው ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ያለቀ ጠረጴዛ ላይ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጠው የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፋቸው ይመታሉ፤ ጠብታ ከፈሰሰ ዕቃው ከወርክሾፕ አይወጣም። ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ዛፉ ከየት እንደመጣ፣ ለማን እንደተሠራና እንከኑ ምን እንደሆነ በእርሳስ ይጽፋሉ። "እንከን የሌለው ዕቃ የለም፤ ከእኔ በኋላ የሚጠግነው ሰው እንዳይደክም" ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚያው ብርጭቆ ነው። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናቸው ጠረጴዛ እግሩ ላልቶ ሊያስጠግኑ መጡ። ጋሽ ቅርፊት ጠግነው ውሃውን ሞልተው አስቀመጡ። ባለቤታቸው ለፈተና መሆኑን ባለማወቅ አንስተው ጠጡት። በ1974 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ2013 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወርክሾፑ ተዘጋ። በተከታዩ ዓመት የግቢያቸው ወይራ በነፋስ ሲወድቅ ግን፣ ለሴት ልጃቸው ለመምህርቷ የምግብ ጠረጴዛ እሠራለሁ ብለው ተነሡ። ሌላ ጊዜ ሁለት ሳምንት የማይፈጅባቸው ሥራ፣ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ስምንት ወር ፈጀ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጠረጴዛው ሲያልቅ ባለቤታቸው አንዱ እግር እንደሚያጥር አዩ። የልብስ ልክ ከሚያወጡበት ካርቶን ቆርጠው፣ አጥፈው፣ ከእግሩ ሥር ሸጎጡ። ብርጭቆው ሲቀመጥም መምህርቷ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጠረጴዛውን ከሥሩ በጉልበቷ ደግፋ ያዘች። ጋሽ ቅርፊት መቱት። አልፈሰሰም።

"እጄ ገና አለ" አሉ።

"አለ እንጂ፣ አባዬ" አለች።

ጠረጴዛው ግን ከተነሣ ጉዱ ሊወጣ ነው። ስለዚህ መምህርቷ "ቤቴ ጠባብ ነው፤ እዚሁ ይቆይልኝ" አለች። ሦስት መኝታ ቤት እንዳላት ሁሉም ያውቃል። ሰባት ወር ሙሉ በዚያ ቤት ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ያሳረፈ ሰው የለም። ባለቤታቸው ካርቶኑ በሳሳ ቁጥር አዲስ ይቀይራሉ፤ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ሹክ ይሉታል። ጋሽ ቅርፊት በየቀኑ እዚያው ላይ ይበሉ ነበር፤ በኋላም መዋጥ ሲያቅታቸው እዚያው ይቀመጡ ነበር። መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ጋሽ ቅርፊት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና በየሰው ቤት የቆሙ ዛፎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይነቃነቅ ቦታ ያሳርፍልን።

ጽሑፉ እዚህ ላይ አብቅቶ ነበር። ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል ግን አስከሬኑ የሚያርፍበትን ቦታ ለማስለቀቅ ጠረጴዛው ተነሣ። ካርቶኑ ወለሉ ላይ ቀረ። በበሩ አላልፍ ሲል ወንድ ልጃቸው ገለበጠው። ከሥሩ፣ ቀጥ ብሎ መጻፍ በተሳነው እጅ፣ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦

"ወይራ፣ ከግቢያችን። ለልጄ። እንከኑ፦ በመስኮቱ በኩል ያለው እግር በግማሽ ጣት ያጥራል። ካርቶኑ የእናትሽ ነው፣ ጉልበቱ ያንቺ። እንዳወቅሁ አትንገሪያት።"

ከግርጌው የሰፈረው ቀን ብርጭቆው በተቀመጠ ማግስት ነው። በዚያ በደከመ ሰውነታቸው እንዴት ከሥር ገብተው እንደተጋደሙ የሚያውቅ የለም። እያወቁ በልተውበታልና የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ትክክል አይደለም፤ ይሰረዝ ቢባል ግን ባለቤታቸው አልፈቀዱም። ካርቶኑን ከወለሉ አንስተው፣ በእጥፋቱ መልሰው አጥፈው፣ በእጃቸው ይዘውታል።