ተያይዘው እንዳይከርሙ

ታዬ ዓለሜ፤

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶታል። ያኔ የሐምሌ ዝናብ የሁሩታን መንገድ አጥቦ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ የዘንድሮው ክረምት ደመናውን በጭላሎ አናት ላይ እየሰበሰበ ነው። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ከልቤ ወጥተህ አይደለም። የሚነገር ነገር የሌለው ሰው ብዕር አያንሣ እያልኩ ስንቱን ተማሪ ድርሰቱን እንዳስቀደድኩ ታውቃለህ፤ ሕጉን በራሴ ላይ ማፍረስ አልወደድኩም። አሁን ግን የምነግርህ አለኝ። ያየሁት ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል፤ ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ ካንተ በቀር በልኩ የሚገባው ሰው አጣሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ጣሪያችን ታድሷል። በምሥራቅ በኩል ያለው አሸንዳ ግን አሁንም ያፈስሳል፤ ልጃችን ኤልያስ ከአዳማ ባለሙያ ልኮ ነበር፤ ሰውዬው መሰላል ሳይወጣ ከታች ሆኖ አየውና ደህና ነው ብሎ ሄደ። መነጽርህ በመሳቢያው ውስጥ እንዳለ ነው። ባርኔጣህን ልጃችን ጽጌ ታደርገዋለች፤ ስለሰፋት ከውስጥ ጋዜጣ አጥፋ አስገብታበታለች። ባጃጅ እስከ በራችን መምጣት ጀምሯል። ለቀብርህ ዕድሩ ባሠራው ባነር ላይ «ሐዘን»ን በሃሌታው «ሀ» ጽፈውት ስለነበር ቀይ ብዕር ይዤ ልነሣ ስል ጽጌ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ባነሩ እንደ ተሳሳተ ተሸኘህ። ይቅር በላቸው።

ጽጌ አንተን ቀብረን ስንጨርስ ወደ ዱከም፣ ወደ ፋብሪካዋ ተመልሳ ነበር። ግንቦት ሲገባ የቀረላትን የዓመት ፈቃድ በሙሉ ወስዳ፣ ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ የአባቴን መሬት ዘንድሮ እኔ አርሳለሁ አለች። ወንድሟ ኤልያስ ከአዳማ መጥቶ ሰማት። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጥ፣ ትራክተሯ ትሸጥ፣ እናቴም አዳማ እኔ ዘንድ ትግባ የሚለው ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ክፍል እንኳ አዘጋጅቶልኛል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሱቁን ዘግቶ እየተመላለሰ እኛን መጠየቁ ከብዶታል። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፤ ዝናቡ ሳይጠና ጽጌ መሬቱን አርሳ ካለሰለሰች ትቀራለች፤ ካልሆነላት ወደ ፋብሪካዋ ትመለሳለች፤ እኔም ዕቃዬን እሸክፋለሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ምን እንደምመኝ ግን አንተ ታውቃለህ።

ያቺን ከኋላዋ እየተራመድክ የምትነዳትን ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርህን ጽጌ ነዳጅ ሞላችላት፤ ማስነሻውን ብረት አዞረች፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ እልል ልል ቃጣኝ። ፍሪሲዮኑን ይዛ ማርሽ ልታስገባ ስትል ግን ብረት ከብረት ተፋጨ። በግድ ስታስገባት ትራክተሯ እጀታው እንደ ተያዘ፣ ቁሚ እየተባለች፣ ዝም ብላ ሄደች። ጽጌን እየጎተተች የጎመን መደቤን አቋርጣ፣ ቁልቋሉ አጥር ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ፣ ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። ጽጌ ከእጇ ላይ የቁልቋል እሾህ ስትለቅም አመሸች።

ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ አንተ ባታጣውም ይህን ደብዳቤ ሌሎች ያነቡታልና ልጻፈው። የሞተሩን ጉልበት ከጎማው ጋር የሚያገናኘው፣ እጀታው ሲያዝ ደግሞ የሚያለያየው ክፍል ነው። የሳይንስ መምህርነትህን ጨርሰህ ትራክተሯን የገዛህ ሰሞን፣ ይህ ነገር የአማርኛ ስም ይኑረው ብዬህ አልነበር? እኔ «መለያያ» አልኩት፤ ሲያዝ የሚለያይ ነውና። አንተ ደግሞ ሲለቀቅስ ምን ያደርጋል ብለህ «መያያዣ» ነው አልክ። ራት ላይ ተከራከርን፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ተከራከርን፤ በስተመጨረሻ ሁለታችንም ደክሞን ጣሊያኖቹ እንዳሉት ይቀመጥ አልን። ያንን ቃል እኔ ከተማርኩበት ከጣሊያን መነኮሳት አዳሪ ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙ ፍትጊያ ነው። ይህ ዕውቀት የጠቀመኝ ገና አሁን ነው፤ መንገድ አላፊው ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «አሻማ!» እያለ ለሥራ ሰው የሚገባውን ሰላምታ ከሰጠን በኋላ፣ ዘይት አፍስሱበት ብሎ መከረን። እኔ ግን በፍትጊያ የሚሠራ ነገር ዘይት ከገባበት ያንሸራትተዋል እንጂ አይዝም ብዬ ጣሳውን ከጽጌ እጅ ወሰድኩ።

ጽጌ እጀታውን ይዛ፣ ማርሽ አስገብታ፣ ሞተሩ እንደ ጠፋ ትላቀቅ እንደሆነ ብለን ትራክተሯን ወዲህና ወዲያ ገፋናት። ጎረቤታችን አልማዝም መጥታ ገፋች። አልላቀቅ አለች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ምሥራቁ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ፤ ጽጌ ድምፁን ስትሰማ ወደ ሻንጣዋ ዞር ብላ ስታይ አየኋት።

በኋላ ከድርን አስጠራሁት። ከድር ተማሪያችን የነበረው፣ ወላጆቹ ከወሎ የመጡት፣ አሁን በመናኸሪያው በኩል ጋራዥ የከፈተው ነው። በሩ ላይ «ፍርስዮን እንጠግናለን» ብሎ አስለጥፏል፤ ፍርስራሽ ነው የሚመስለው፣ አስተካክለው ብዬ ከነገርኩት ቆየ። ገና ከበር ሲገባ ራሱ ጀመረ፤ ቲቸር፣ ሰሌዳዬን ለማረም ከሆነ የጠሩኝ ቀለም አልቆብኛል አለኝ። ቲቸር ሳይሆን መምህርት በለኝ አልኩት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጀታውን አንድ ሁለት ጊዜ ያዝ ለቀቅ አደረገና ፊቱ ቁም ነገር ያዘ።

«አልተሰበረም። ተጣብቆ ነው። ክረምቱን እጀታውን ሳታስሩት ነው የከረመው?»

ታዬ፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በየክረምቱ መግቢያ ያንን እጀታ ጨብጠህ፣ ከአሮጌ ነጠላዬ በተቀደደ ጥለት ከመሪው ጋር ጥፍር አድርገህ ታስረው ነበር። ደጃፋችን ላይ ቁስለኛ የተኛ ያስመስለዋል እያልኩ ስነጫነጭ አንድ ቀን ቀና ሳትል መልስ ሰጠኸኝ፤ «ተያይዘው እንዳይከርሙ ነው» አልከኝ። አንተ ስትቀልድም ስታስተምርም ፊትህ አንድ ስለነበር ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት። ለካ ስለ ፍሪሲዮኑ ብረቶች ነው የነገርከኝ። እጀታው ታስሮ ሲከርም እንደ ተለያዩ ይቆያሉ፤ እርጥበት ቢገባም አያጣብቃቸውም።

ታዲያ ጨርቁን ማን ፈታው? ከድር ሲጠይቅ አልማዝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዞሬ አየኋት።

«እኛ ነን እትዬ። መተት መስሎን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንኳኑ ሊተከል ትራክተሯ የቆመችበት ቦታ ስለተፈለገ የዕድራችን ሴቶች ገፍተው ከዚያ ከሚያፈስሰው አሸንዳ ሥር አቆሟት። እጀታው ላይ በሦስት ቋጠሮ የታሰረ የሴት ነጠላ ጥለት አዩ። ደህና የነበረ ሰው በድንገት ታሞ ሞቶ፣ የሥራ ዕቃው ላይ ጥለት ተቋጥሮ ሲገኝ ምን ያስቡ? መምህርት ሳያዩ እናስወግደው ተባባሉ። አንዷ ሮጣ ጠበል አመጣች፤ ረጭተው፣ አማትበው ፈቱት፤ ወስደውም አቃጠሉት። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ እነሱ በፍቅር ያንተን ጥበብ ከነቋጠሮው አመድ አደረጉት። አልማዝ እያለቀሰች ስትነግረኝ ከድር ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጽጌ አየችውና ሳቀች፤ ከዚያ አልማዝም ሳቀች፤ እኔም አልቻልኩም። ከሞትክ ወዲህ በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲያ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው።

ከሳቁ በኋላ ሥራ ሆነ። ከድር ቺንጋ የሚባሉትን የጎማ ቀበቶዎች አወለቀ፤ ቡሎኖቹን ፈታ፤ ክፍሉን አውጥቶ ጆንያ ላይ አስቀመጠው። ክብ ብረቶቹ ከነሻካራ ንጣፋቸው አንድ ሆነዋል፤ ዳር ዳሩን ቀይ ዝገት እንደ ስፌት ይዞታል። ከድር መዶሻ ሲያነሣ ጽጌ እጁን ያዘች፤ አባቴ ተጣብቆ ያስቸገረውን ነገር ሲመታ አላየሁም አለች። እሺ፣ ያባትሽ ልጅ፣ አንቺ ሞክሪያ ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ፤ እስኪመሽ እጠብቅሻለሁ እያለም ያሾፍባት ጀመር።

ጽጌ ብረቱን የቀትር ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ደህና አድርጎ ሲግል ስስ የወጥ ቤት ቢላዬን ወስዳ ስለቱን በዝገቱ ስፌት ላይ አስገባች። ሳትጫን፣ ትንሽ ነካ አድርጋ አዞረችው፤ ሌላ ቦታ ነካ አድርጋ ደግሞ አዞረችው። እጇን ሳይ አንተን አየሁ፤ ያንተው ትዕግሥት፣ ያንተው የተጨማደደ ግንባር። ከድር ማሾፉን ትቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ብዙ ቆየን። ከዚያ ጠቅ አለ፤ የደረቀ አተር ከልባሱ እንደሚወጣ ያለ ትንሽ ድምፅ ነው፤ ብረቶቹም ተለያዩ።

ጽጌ ሁለቱን ፊት ለፊት ይዛ አሳየችን። የአንዱ መልክ በሌላው ላይ በዝገት ታትሟል፤ እያንዳንዱ ሻካራ፣ እያንዳንዱ ጭረት እንደ ማኅተም ተላልፎበታል። ከድር «ሱብሐነ አላህ» አለ በዝግታ። እኔም አማተብኩ። ሦስት ሴቶች ገፍተን ያላላቀቅነውን ብረት ያያዘው አሸንዳ ያፈሰሰው ትንሽ ውኃ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ፈግፍገን፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገን፣ መልሰን ስንገጥመው ከድር እጀታውን ያዘና ዓይኔን ወደ ውስጥ እንድልክ ነገረኝ። ሲለያዩ የሚተዉት ክፍተት ከጥፍሬ ውፍረት አይበልጥም። ያ ሁሉ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ጩኸት የሚሄደውና የሚቆመው በዚያች ክፍተት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንተ በየዓመቱ በአንዲት ጨርቅ ትጠብቃት የነበረችው ክፍተት ያቺ ናት። ማንም ሳያመሰግንህ፣ እኔም እየተነጫነጭኩብህ።

ቅዳሜ ጽጌ ማሳው ውስጥ ገባች። ሂጂ ስትባል ሄደች፤ ቁሚ ስትባል ቆመች። የመጀመሪያው ትልም ጠማማ ነበር፤ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ኤልያስ ከሰዓት በኋላ ከአዳማ ደረሰ። የከተማ ጫማውን እንዳደረገ የታረሰው ላይ ቆመ፤ ጓል አንሥቶ በጣቱ ፈረፈረው፤ እህቱን ጫፍ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ ተመለከታት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲህ ክፍሉን ላከራየው ማለት ነው፣ እማዬ?»

አከራየው አልኩት። ሳቀ፤ ጫማውን አውልቆ የዘር ጆንያውን ከመኪና ሊያወርድ ሄደ።

ይኸው ነው ታዬ። ጽጌ ቀርታለች፤ እኔም ቀርቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጽጌ መጥታ እጄን ይዛ አስነሣችኝና እጀታውን አስጨበጠችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ይዤው አላውቅም፤ ያንተ ሥራ ነበር። እሷ ከጎኔ ሆና እስከ ግራሯ ድረስ አንድ ትልም ሄድን። መሬቱ ከሥሬ ሲገለበጥ፣ የሞተሩ ጉልበት በመዳፌ ገብቶ እስከ ትከሻዬ ሲወጣ፣ ተማሪ እንደነበርኩ ጊዜ ልቤ መታ። አንተ ማታ ከማሳ ስትመለስ ጣቶችህ እየተንቀጠቀጡ የሸሚዝህን ቁልፍ መፍታት ያቅትህ ነበር፤ እኔ ነበርኩ የምፈታልህ። ምን ሆነህ ነው ስልህ ምንም አይደል፣ ይተወኛል ትለኝ ነበር። ለካ ይህን ይዘህ ነበር የምትገባው።

አሁን ይህን ስጽፍልህ የእኔም ጣቶች ገና ይነዝራሉ። መስመሩ ተንጋድዷል፤ «ለ»ን «ሰ» ያስመሰልኩበት ቦታ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀድጄ በንጹሕ እገለብጠው ነበር። ይህን አልገለብጠውም። ሰው ሙታንን በልቡ ያስባል ይላሉ፤ እኔ ግን ወዳለህበት እስክመጣ ድረስ በእጄም አስብሃለሁ።

ሚስትህ አስካለ