ሁሉም ሰው ሁለት በሬ ያለው ቀበሌ

ታኅሣሥ 5
መረጃ ሰብሳቢዎቻችን የላኩት የከብት ጥናት ፋይል ቡሬ ቢሮ ደረሰኝ። ላጣራው ስታታ በሚባለው የመረጃ ፕሮግራም ላይ ጫንኩት። ምሳዬን በልቼ ብመለስ... ገና ነው። በመጨረሻ ተከፈተ። ረድፉ ልክ፣ ዓምዱ ልክ፣ የጎደለ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ታኅሣሥ 6
ያልኩት አልቀረም። ቀበሌ በቀበሌ ሳጣራ፣ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ያለች አንዲት ቀበሌ ላይ ቆምኩ። የበሬ ብዛት፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት... እስከ ታች። ሀብታም የለ፣ ድሃ የለ?
ማን እንደሰበሰበው አየሁ። አልጣሽ። የኔዋ አልጣሽ፣ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖረው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ሞልታው ከሆነስ? ብናገር ውሏ አይታደስም። ዝም ብል በኔ ስም የውሸት ፋይል ያልፋል።

ታኅሣሥ 7
እራት ላይ ነካካኋት። "አንች፣ ያች ቀበሌ አልራቀችሽም?"
"ሁሉንም በአካል አግኝቻቸዋለሁ።"
በአካል አለች እንጂ ቤታቸው አላለችም። ለምን?

ታኅሣሥ 8
ታብሌቷ የመዘገበውን ቦታ ካርታ ላይ አወጣሁት። አባወራው ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ተቆልሏል። በአንድ እሑድ። በቃ፣ ያዝኳት... ለምን ታዲያ አለቀስኩ?

ታኅሣሥ 10
ሳልነግራት ሄድኩ። በሚኒባስ፣ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ነጥቡ የጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ሆኖ ተገኘ፤ ሰንበቴ የሚበላበት።
ፋይሉ ላይ ባለ ሁለት በሬ የተባሉትን አያ ዳኘውን ፈለግኩ። አውድማ ላይ በሁለት በሬ ጤፍ ሲያበራዩ አገኘኋቸው።
"ጠያቂ መጥታ ነበር?"
"መጥታለች እንጂ። በአጨዳ ቤቱ ማን ይገኛል? ሰንበቴ ላይ ተራ በተራ ጠየቀችን።"
"በሬዎቹ የእርስዎ ናቸው?"
ዙሪያውን ቃኙ። ማንም የለም። "ያማቼ ናቸው፣ ልጄ። የኔ አንድም የለ።"
"ታዲያ ለምን ሁለት አሏት?"
"አገር ተቀምጦ እየሰማ ባዶ ነኝ ልበል? ጎረቤቴ ኃይለ ሚካኤልም ስድስት አለው፤ ዓይን ፈርቶ ሁለት አለ። መጀመሪያ ቄሱ ሁለት አሉ፣ ተከተልናቸው።"
አልጣሽ አልፈበረከችም። አገር እየሰማ የተሰጠ መልስ ግን አይታመንም።

ታኅሣሥ 12
ለአስተባባሪያችን ለሙንዲር ነገርኩት። "ቤት ለቤት ትድገመው" አለ። ውሏ ተረፈ። ደስ ይላታል ብዬ ሁሉንም አጫወትኳት።
"እስከዚያ ድረስ ሄድሽ?"
"ነጥቡን ልየው ብዬ..."
"አንድ ቤት ነው የምናድር። ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"


ታኅሣሥ 26
አዲሱ ፋይል ገባ። ዜሮ አለ፣ ስድስት አለ፣ አንድ አለ። እንዲህ የተዘበራረቀ ዓምድ አይቼ አላውቅም። አመንኩት።
አልጣሽ አቧራ ለብሳ ገባች። ሰሞኑን ብዙም አናወራም። "ነገስ ወዴት ነሽ?" አልኳት፣ እንዲያው ለጨዋታ።
"ካርታሽ ላይ ታይዋለሽ" አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።