ከአጥሩ አርባ ሜትር

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን
ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር

ለምወድሽና ለምኮራብሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽልኝ የኔ እናት? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ የስፌት መኪናዋ ግን አልፎ አልፎ ታኮርፋታለች። ታናሽ እህትሽ አልጋሽን ወርሳለች፤ ትራስሽን ግን ማንም እንዳይነካው ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። ከአሥራ አንድ አገር የመጣችሁ ልጆች ደረጃ ላይ ተደርድራችሁ ስትስቁ አየን። እናትሽ ገና ከፖስታው ሳታወጣው «ከሳች» አለች። ካፖርቱ ሰፍቶሽ እንደሆነ ብነግራት፣ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ለኔ ስለ ልክ አትንገረኝ!» ብላ ዘጋችኝ። ያስጠጉሽ ቤተሰቦች ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት እንደሚበሉ ከጻፍሽ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እባክሽ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ከእራት በኋላ የምትቀምሺውን ሁሉ ዘርዝረሽ ጻፊላት። ባትቀምሺም ጻፊ።

ሰፈሩ በሙሉ ስላንቺ ይጠይቃል። ጎረቤታችን መካኒኩ ባለፈው መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ለመሆኑ ልጅህ ምን ልትማር ነው የሄደችው?» አለኝ። «መሪነት» አልኩት። አሰብ አደረገና፣ «የከባድ መኪና ነው የትንሽ?» አለኝ። ይህን ለጓደኞችሽ ተርጉመሽ ንገሪያቸው፤ ከሳቁ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የደብዳቤሽን መጨረሻ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ፕሮግራሙ ሲዘጋ እያንዳንዳችሁ መድረክ ላይ ወጥታችሁ መሪነትን የተማራችሁበትን አንድ ሰው ታስተዋውቃላችሁ፤ አንቺም የመረጥሽው እኔን ነው። «አባዬ፣ ፎቶህንና ፈቃድህን ላክልኝ» ብለሻል። እናትሽ ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ተነስቼ በረንዳ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሰው ፊት ቆመሽ ከማመስገንሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

አምና በትምህርት ቤታችሁ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ስላልነበረው፣ አንቺና ጓደኞችሽ አንድ መንፈቅ ስትቆጥሩ ከረማችሁ፤ ስንት ሴት ልጅ በወር ስንት ቀን ከትምህርት እንደምትቀር። ለምን እንደምትቀሩ አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም፤ ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ለኛ መሥሪያ ቤት፣ ለውሃ ቢሮው፣ ደብዳቤ ጻፋችሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ነበረው። የመጀመሪያው ያንቺ ነው፤ ከስምሽ ቀጥሎ ደግሞ የኔ ስም። የአባት ስም መቼም አይቀርም።

ደብዳቤው በገባ በሦስተኛው ቀን ኃላፊያችን አስጠራኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንዱ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። «ዋናው የውሃ መስመር ከትምህርት ቤታችን አጥር በአርባ ሜትር ርቀት ላይ ያልፋል» የሚለው። አንቺ ይህን ያወቅሽው እኔ እራት ላይ ሳወራ ሰምተሽ ነው። ለካ ያኔ ማንኪያሽን አስቀምጠሽ ስታዳምጪ ነበር።

«ይህቺ ልጅ ያንተ ናት እንዴ?» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው ልጄ።

«አይደለችም ጌታዬ» አልኩት። «ስም ተመሳስሎ ይሆናል።»

አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። በገዛ አፌ ካድኩሽ። እሱም ቀና ብሎ አየኝ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ እኔም ወጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ቤት ስገባ ሮጠሽ መጥተሽ፣ «አባዬ፣ ደብዳቤያችን ደረሰ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «እንጃ» አልኩሽ።

ወር ሳይሞላ ደግሞ መምህርሽ የዚያኑ ደብዳቤ ግልባጭ ለዚህ ለመሪነት ፕሮግራም ካስገባሽው ማመልከቻ ጋር አያይዛ ላከችው። ከስንት መቶ ልጅ መሀል ተመረጥሽ። የወላጅ ፈቃድ ቅጹ ላይ ስሜን ስጽፍ ሁለቴ ስሳሳት አይተሽ፣ ደስታ መስሎሽ ግንባሬን ሳምሽኝ። አውሮፕላን ማረፊያ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ ስታለቅሺም እኔ ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ስለ ሻንጣሽ ቁልፍ ሳወራ ነበር። ይህን ሁሉ አሁን ነው የምታውቂው።

ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ቢቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረቱን አላገኝም ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን የሥራ ማዘዣ ልመልስ ወደ ቢሮ ገባሁ። አዳራሹ ቆጣሪ ሊያስቀይር፣ አቤት ሊል በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ያቺ ድምፅዋ ሦስት ክፍል አልፎ ስለሚሰማ «ደወሏ» የምትሏት ጓደኛሽ፣ አራት ልጆች አስከትላ በዩኒፎርሟ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«ደብዳቤያችን ከገባ ስምንት ወር ሆኖታል። መልሱን ልንወስድ ነው የመጣነው» ትላለች። መቼም ድምፅዋን ታውቂዋለሽ፤ አዳራሹ እንዳለ ዞረ።

ኃላፊያችን ከቢሮው ወጣ። «ማን ናት መሪያችሁ?» አላቸው።

«ለትምህርት ውጭ አገር ሄዳለች» አለች ደወሏ። «ደብዳቤው ግን የትም አልሄደም፤ እዚሁ እናንተ ጋ ነው።»

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያናደደው። ፊቱ ቀልቶ፣ «አወቅኳት!» አለ። «እሷማ አሳዳጊ የበደላት ናት! እናንተን ለኩሳ እሷ ሽርሽር ወጣች!»

ልጄ፣ እኔ በሥራ ላይ ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ። ጭቃ ውስጥ ቆሜ ከላይ የጮኸብኝ ሰው ቁጥር የለውም፤ አንዱም ቤት ድረስ ተከትሎኝ አልገባም። ይህቺን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ማን እንዳሳደገሽ እኔ አውቃለሁ። እናትሽ አንገቷ እስኪደርቅ ሰፍታ፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ውዬ፣ አንቺ ራስሽ በሻማ አጥንተሽ ነው ያደግሽው። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን ፊቱ ቆሜ አገኘሁት።

«አሳዳጊዋ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«ልጄ ናት። ያን ጊዜ ሲጠይቁኝ ዋሽቼዎታለሁ። እርስዎን ፈርቼ እሷን ካድኳት። መስመሩም እንደጻፈችው ከአጥሩ አርባ ሜትር ላይ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የቀበርኩት እኔው ነኝ። ማገናኘቱ የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

ቆጣሪያቸውን በፌስታል ይዘው የተሰለፉ አንዲት እናት ቀበል አድርገው፣ «የሁለት ቀን ሥራ ከሆነ፣ ስምንት ወር ምን ስትጠብቁ ነበር?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ኃላፊው ወደ ቢሮው ተመልሶ በሩን ዘጋ። ደወሏ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡ» አለችኝ።

ትምህርት ቤቱን የማገናኘቱ የሥራ ማዘዣ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ፤ የኔ ስም ነበረበት። ሁለት ቀን ብዬ የፎከርኩበት ሥራ አራት ቀን ፈጀ። ምን ላድርግ፣ አጥሩ ሥር ዐለት ገጠመኝ። ደወሏ በየእረፍቱ እየመጣች ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ «ጋሼ፣ ስንት ሜትር ቀረን?» ትለኛለች። እንደዚያች ያለ ተቆጣጣሪ በዕድሜዬ አላየሁም።

በአራተኛው ቀን መስመሩን ከፈትኩት። መጀመሪያ የወጣው አየር ብቻ ነው፤ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ አሳለ። ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ተፋ። ልጆቹ ክፍት አላቸው። «ጠብቁ» አልኳቸው። ትንሽ ቆይቶ ጠራ። ጩኸቱን ብትሰሚው! እጅ ሊታጠቡ የተሰለፉት ፊታቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን የታጠቡት ጓደኞቻቸውን ረጩ፣ እኔም እስከ ካልሲዬ በሰበስኩ። ርዕሰ መምህሩ ንግግር ሊያደርጉ ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር፤ የሚሰማቸው ሲያጡ ወረቀቱን አጣጥፈው እጃቸውን ታጠቡ።

ባለፈው ሳምንት መምህርሽ የስም መጥሪያ መዝገቧን ይዛ ቤት ድረስ መጣች። አምና በጥር ወር ከትምህርት የቀሩት ሴቶች ስልሳ አንድ ነበሩ። ዘንድሮ በጥር ሰባት ናቸው። እናትሽ መዝገቡን ተቀብላ እየደጋገመች አየችው፤ ከዚያ ጨርቅ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገብታ ዓይኗን አብሳ ወጣች። አንቺ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ እዚህ ውሃ አስመጣሽ። እኔ እንዲህ ያለች ልጅ አባት መሆኔን ሳስበው፣ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው ሁሉ አስቁሜ ብነግረው ደስ ይለኛል። አንዳንዴም እነግራለሁ።

እንግዲህ ፈቃድ ላልሽው፣ ፈቅጃለሁ። ስለኔ ከተናገርሽ ግን ሁለቱንም ተናገሪ፤ የካድኩሽንም፣ የመጣሁልሽንም። ግማሹን ብቻ እንዳትናገሪ። ስለ ደወሏ መናገር ብትመርጪም አልቀየምሽም፤ እሷ አንድ ቀን እንኳ አልፈራችም። እናትሽ «ልጅቷ በሰው አገር ይከፋታል፣ አትጻፍላት» ብላኝ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ያስፈረመች ልጅ የአባቷን ጥፋት ለመስማት አቅም አታጣም አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ፎቶውን አብሬ ልኬዋለሁ፤ እናትሽ ኮት ካልለበስክ ብላ አሯሩጣኝ ስለነበር ፊቴ የተቆጣሁ ያስመስለኛል እንጂ አልተቆጣሁም።

በቢሮው ስልክ ከደወልሽ አታገኚኝም። ከጥር ጀምሮ መስመር ሥራ ላይ የለሁም፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ መድበውኛል። እንዳታስቢ፣ ሥራው ቀላል ነው። ወንበር አለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ አለኝ፣ ወገቤም አመስግኖኛል። ጉድጓድ ለወጣት ነው። መፍቻዎቼን ዘይት ቀብቼ አልጋ ሥር አኑሬያቸዋለሁ፤ እናትሽ ሽታው ራሴን አመመኝ ብትልም አላወጣኋቸውም።

ደግሞ ቦታው ደወሏና ልጆቹ የሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። ሐሙስ ዕለት አሥራ ሁለት ሆነው መጡ። ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ውሃ የለውም፤ እዚያ ካሉት ልጆች ጋር ሆነው ደብዳቤ ሊጽፉ ነው። መሬት ላይ በእንጨት መስመሩን ሣልኩላቸው፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የት ላይ ባለ አራት ኢንቹ ቧንቧ ወደ ባለ ሁለት እንደሚወርድ። ደወሏ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። በዚህ መሀል የኃላፊው መኪና መጣች። አጠገባችን ስትደርስ ቀስ አለች፣ መስታወቱም ወረደ። ልጆቹ ሁሉ ወደ መኪናዋ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ሌላ ቀን እንምጣ?» አለችኝ ደወሏ በሹክሹክታ። የሷ ሹክሹክታ መቼም ለመንገዱ ሁሉ ይበቃል።

«የት ደርሰን ነበር?» አልኳት።

«ባለ ሁለት ኢንቹ ጋ።»

«እንግዲያው ጻፊ» አልኳትና እንጨቴን አነሳሁ።

የሰማይ አምላክ በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፤ በጤና ውለሽ በጤና ግቢ። ያስጠጉሽን ሰዎች ስለ እኛ እጅ ንሺልን፤ እንደ ልጃቸው አይተውሻልና እኛም እንደ ዘመድ ቆጥረናቸዋል።

አባትሽ